በሕዋሳት ጭንቀት የሚነሣ ቁጣ ኃጢአት ነውን?

ልዑል እግዚአብሔር ሰውን ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ አዋሕዶ በፈጠረው ጊዜ፣ ነፍስ በውስጥ ሆና የውጭውን ዓለም የምታውቅባቸውን አምስት ሕዋሳት ሰጠው። ዓይን ብርሃንን፣ ጆሮ ድምፅን፣ አፍንጫ መዓዛን፣ ምላስ ጣዕምን፣ እጅና ቆዳ ደግሞ ሙቀትንና ቅዝቃዜን፣ ልስላሴንና ሻካራነትን ይነግሩታል። መምህራን እነዚህን ሕዋሳት በደጅ ይመስሏቸዋል። በደጅ የሚገባውን መርጦ ማስገባት፣ የማይገባውንም መመለስ የክርስቲያን ሁሉ ተጋድሎ ነው፤ ስለዚህም ዓይንን ከክፉ እይታ፣ ጆሮን ከሐሜት መጠበቅ እንዲገባ ከልጅነታችን ጀምረን ስንማር ኖረናል።

ነገር ግን የደጁ መዝጊያ ከተፈጥሮው የላላ፣ ሌላው ሰው ሳያውቀው የሚያሳልፈው ድምፅና ብርሃን ሁሉ ያለ ከልካይ የሚገባበት ሰው ቢኖር፣ ስለ እርሱ ምን እንላለን? ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታገሥ ውሎ ወደ ማታ በትንሽ ነገር ቢጮኽ፣ ዕቃ ቢሰብር፣ ለወላጁ የማይገባ ቃል ቢናገር፣ ቁጣው ኃጢአት ነውን ወይስ ሕመም? ኃጢአት ከሆነ፣ ስለ ምን ንስሐ በገባ ቍጥር ይመለስበታል? ሕመም ከሆነስ የተሰደበችው እናት፣ የተሰበረው ዕቃ፣ የታወከው ቤት በማን ላይ ይቈጠራል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። የምንመረምረውም ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ አፈጣጠር ያላቸውንና ለአካለ መጠን የደረሱትን ምእመናን በማሰብ ነው። ስለ ሕፃናቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ ሕፃናቱ ግን አድገው ሠራተኞች፣ ባለትዳሮች፣ የንስሐ ልጆች ሆነዋል፤ ስለ እነርሱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንይ። በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምረው ጻፉ። ሕፃናቱ ብቸኝነትን የሚወዱ፣ የለመዱት ሥርዐት እንዳይለወጥ የሚሹ፣ በንግግርም ከሌሎቹ የተለዩ ነበሩ። ከዚህም በቀር ትቢያ የሚስበው የቤት መጥረጊያ መኪና፣ አሳንሰሩ፣ የሚፈሰው ውኃ፣ አንዳንድ ጊዜም ነፋሱ እንኳ ብርቱ ድንጋጤ ያመጣባቸው እንደ ነበረ ሐኪሙ አመልክተዋል። እንግዲህ የሕዋሳት ጭንቀት ገና ከመጀመሪያው የታየ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ነገር ከኦቲዝም መለያ ምልክቶች አንዱ አድርጎ በመመዘኛ መጽሐፉ የጻፈው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሊቃውንቱ ያዩትን በሕግ ለመጻፍ ሰባ ዓመት ከፈጀባቸው፣ በቤታችንና በደጀ ሰላማችን ያለን ሰዎች ሳናስተውለው መቅረታችን አያስደንቅም፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ምክንያት አይሆነንም።

ስለ መነሻውም ብዙ ስሕተት ተነግሯል። በ1967 እ.ኤ.አ. ብሩኖ ቤተልሃይም የተባሉ ጸሐፊ ባሳተሙት መጽሐፍ የኦቲዝምን ምክንያት በወላጆች፣ ይልቁንም በእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ላይ ስላሳበቡ ብዙ እናቶች ያለ በደላቸው አለቀሱ። በ1977 እ.ኤ.አ. በመንታ ልጆች ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ነገሩ በእጅጉ ከትውልድ የሚወረስ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያም ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ይህንኑ አጸኑት። የባሕር ማዶው ጸሐፊ በእናት ላይ ያሳበበውን፣ በእኛም አገር አንዳንዱ በእርግማን፣ አንዳንዱ በቡዳ፣ አንዳንዱም በጋኔን ላይ ያሳብባል። ኦቲዝም ግን በመድኃኒት እንደሚነቀል ንዳድ ወይም እንደ ክፉ መንፈስ ከውጭ የሚገባ ሳይሆን፣ ሰው ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ይዞት የሚያድገው የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብዙው ሰው ወፍጮ ቤት አጠገብ ቢቀመጥ ለጥቂት ጊዜ ይታወካል፤ ቀጥሎ ግን አእምሮው ድምፁን ይለምደውና እንዳልሰማ ይሆናል። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች በብዙዎቹ ዘንድ ይህ መልመድ ደካማ ነው። ድምፁ በመጀመሪያው ደቂቃ እንደ ሰሙት ሆኖ በስልሳኛውም ደቂቃ ይሰማቸዋል። በዚያ ላይ ብርሃን፣ ሽታ፣ የሰው ግፊያ፣ ያልታሰበ የቀጠሮ መለወጥ ሲጨመር፣ ጭነቱ እንደ በቅሎ ጭነት አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራል። ልኩ ሲያልፍ ሥጋ አደጋ እንደ ደረሰበት ይቈጥራል፤ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጅማት ይወጠራል፣ የማመዛዘን ኀይል ይደክማል፣ አንዳንዱም ንግግር ይጠፋዋል። ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን ቁጣ ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን ወጥመድ ውስጥ እንደ ገባ ሰው መደንገጥን ይመስላል።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ አንድ ሰው በአሳባችን እናቁም። ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ፣ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ የሚያገለግል፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ጠዋት በታክሲ ሲሳፈር የረዳቱ ጥሪ፣ የሬዲዮው ዘፈን፣ የጎረቤት ተሳፋሪ ትከሻ፣ የነዳጁ ሽታ በአንድነት ይመጡበታል። በቢሮው ከራሱ በላይ ያለው መብራት ይርገበገባል፤ ሌሎቹ ልብ አይሉትም፣ እርሱ ግን ያየዋል፣ ዝዝታውንም ይሰማዋል። ከመስኮቱ ውጭ ሕንፃ ይሠራል። በምሳ ሰዓት ባልደረቦቹ ሲሥቁ የሣቁበትን ምክንያት ሳያውቅ አብሮ ይሥቃል፤ ይህም ራሱ አድካሚ ሥራ ነው። መራቡን እንኳ የሚያውቀው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ በጎረቤት ሰርግ አለ፤ የድምፅ ማጉያው ግድግዳውን ያናውጣል። በዚህ ጊዜ እናቱ በደግነት፣ «ልጄ፣ እንዴት ዋልህ? እራት ላቅርብልህ? ያ ደብዳቤ መጣልህ?» ብላ ሦስት ጥያቄ ታከታትላለች፤ የድስቱም ክዳን ከእጇ ወድቆ ይንኳኳል። እርሱም ይጮኻል፤ ክፉ ቃል ይናገራታል፤ ብርጭቆ ወርውሮ ይሰብራል፤ በሩንም ዘግቶ በጨለማ ይቀመጣል። ልቡ ሲመለስ በኀፍረት ያለቅሳል። ይህንኑ በንስሐ አባቱ ፊት አሥር ጊዜ ተናዟል፤ አሥር ጊዜም ስግደት ታዞለታል። በአሥራ አንደኛው ጊዜ ግን አፍሮ ቀረ፤ ከሥጋ ወደሙም ራቀ። አንዲት ነፍስ ከቅዱስ ቍርባን መራቋ ቀላል ነገር አይደለምና፣ የያዝነው ጥያቄ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ስለዚህ ሰው ሁለት ፍርዶች ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ጉድጓዶች ናቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ፣ «ይህ ሰው ክፉ ነው፣ ወይም ክፉ መንፈስ አለበት» የሚለው ነው። ይህን ለሚሉ የካህኑን የዔሊን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው፣ ሐና በእግዚአብሔር ቤት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ድምፅዋን ሳታሰማ ስትጸልይ ዔሊ አያትና በወይን ጠጅ የሰከረች መሰለው። ካህን ነበረ፣ በመቅደሱም ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን የሥጋዋን እንቅስቃሴ አይቶ የነፍስዋን ነገር ሳይጠይቅ ፈረደ። ለዔሊ ምስጋና የሚሆነው፣ ሐና በትሕትና በገለጠችለት ጊዜ ቃሉን መልሶ መመረቁ ነው። ዛሬም በቅዳሴ መካከል ጆሮውን በእጁ የሚደፍን፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ፣ በድንገት ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ስናይ እንደ ዔሊ መጀመሪያ ሳይሆን እንደ ዔሊ መጨረሻ እንሁን። መወዛወዙስ ለእኛ ባዕድ ነገር ነውን? ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ያደጉበት ቤት ልጆች ነን፤ ሥጋ በልክ ሲንቀሳቀስ ልብ እንዲረጋ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።

በጸበል መጠመቅንም የምንቃወም አይደለንም፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ለሁሉ ነው። ነገር ግን ድምፅና ንክኪ የሚያስጨንቀውን ሰው በግድ ይዞ፣ ብዙዎች ከበው እየጮኹበት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማስደንገጥ፣ በመጨነቁም መንፈስ ለቀቀው ወይም አልለቀቀውም ብሎ መመስከር፣ ጸበሉን ማክበር አይደለም። በፈቃዱ የሚመጣ ሁሉ በጸጥታ ሰዓት፣ በሚያምነው ሰው እጅ ይጠመቅ።

ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ፣ «ተፈጥሮው ነውና ምንም ኃጢአት የለበትም፤ አይጠየቅም» የሚለው ነው። ይህ ቃል ርኅራኄ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲያዩት ግን ሰውየውን ከሰውነት ማዕርግ ያወርደዋል። የማይጠየቅ ፍጥረት እንስሳ ነው፤ ሰው ግን ለባዊ ነው። ሙሴ በቃዴስ በሕዝቡ ጩኸትና ክርክር ተጨንቆ ዓለቱን ሁለት ጊዜ በበትር በመታ ጊዜ፣ ያስጨነቁት መኖራቸው ከመጠየቅ አላዳነውም፤ ወደ ምድረ ርስት ሳይገባ ቀርቷል። ነገር ግን ይህን ደግሞ እናስተውል፤ በመጠየቁ ከእግዚአብሔር ወዳጅነት አልተለየም፤ ምድሪቱን ከተራራ ላይ አሳይቶታል፣ በደብረ ታቦርም ከጌታ ጋር ተነጋግሯል። መጠየቅና መጣል አንድ አይደሉም።

በአበው ዜናም አንድ ታሪክ ይነገራል። አንድ መነኰስ በማኅበር ሲኖር ሁልጊዜ እየተቈጣ ቢቸገር፣ የሚያስቈጡኝ ሰዎች ናቸው ብሎ ብቻውን ሊኖር ወጣ። አንድ ቀን ውኃ የሞላበት ማድጋ ተገለበጠበት፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ሞልቶት ተገለበጠበት፤ እርሱም ተቈጥቶ ማድጋውን ሰበረው። ያን ጊዜ ቁጣው ከእርሱ ጋር እንደ መጣ ዐውቆ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ። እንግዲህ ከጩኸት መሸሽ ይረዳል፤ ነገር ግን ሁሉን አይፈውስም። በጆሮ ከሚገባው ሌላ በልብ የሚኖር ቁጣ አለና።

ታዲያ እውነቱ በወዴት ነው? ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ቁጣ ባስተማረው ድርሳን፣ ቁጣ ከነፍስ ኀይሎች አንዱ መሆኑን፣ ለአእምሮ ሲታዘዝም ለአዛዡ እንደሚገዛ ወታደር የሚጠቅም መሆኑን ያስረዳል። ጌታችንም በምኵራብ እጁ የሰለለችውን ሰው ባዳነ ጊዜ ስለ ልባቸው ድንዛዜ እያዘነ በቁጣ እንደ ተመለከታቸው ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 3 ጽፏል። ስለዚህ ቁጣ በባሕርዩ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ፈቃድ ሲጨመርበት፣ ልብ ሲስማማበት፣ ባልንጀራን ሲጎዳ ነው። ወታደሩ አዛዡን ንቆ ሲወጣ ያጠፋል፤ አዛዡ በድንጋጤ ወድቆ ሳለ ወታደሩ በጭንቅ ቢሮጥ ግን ፍርዱ ሌላ ነው።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። የጭንቀቱን ሰዓት እንደ ማዕበል አድርገን ብንመለከተው፣ በማዕበሉ መካከል ያለው ሰው ያለው ፈቃድ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ነው እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ የለም አንልም። ሰፊው ፈቃዱ ያለው ከማዕበሉ በፊትና ከማዕበሉ በኋላ ነው። መርከበኛ ስለ ነፋሱ አይከሰስም፤ ደመናውን እያየ ወደብ ሳይይዝ ቢቀር ግን ይጠየቃል፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላም የተጎዱትን ሳያነሣ ቢተኛ ይጠየቃል። በአሳባችን ያቆምነውም ሰው ስለ መብራቱ መርገብገብና ስለ ልቡ መምታት ንስሐ አይገባም፤ እነዚህ ኃጢአቶች አይደሉምና። ንስሐ የሚገባው፣ ጭነቱ መብዛቱን እያወቀ በትዕቢት አልወጣም ስላለ፣ ከዚያም በኋላ እናቱን ይቅርታ ሳይጠይቅ ሦስት ቀን ስለ ዘጋት ነው። አሥር ጊዜ ተናዞ ያልተለወጠበትም ምክንያት ምናልባት ይህ ነው፤ ሊለውጠው የማይችለውን እየተናዘዘ፣ ሊለውጠው የሚችለውን ሳያየው ቀርቷል።

እግዚአብሔር ራሱ የደከመን ሰው እንዴት እንደ ያዘ በኤልያስ እንማራለን። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ አልዘለፈውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንቅልፍ አስተኛው፣ ደግሞም ሁለተኛ መገበው። ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከምግቡ፣ ከእንቅልፉና ከጕዞው በኋላ በኮሬብ ነው። እግዚአብሔርም በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ለስላሳ ድምፅ ተነጋገረው። ሥርዐቱን እንመልከት፤ መጀመሪያ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ጥያቄ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ገልብጠን፣ በጭንቁ መካከል እንጠይቃለን፣ ሲረጋጋ ደግሞ እንረሳዋለን።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ከጆሮ የሚነሣ ቁጣ አለ፤ ከቂም የሚነሣም ቁጣ አለ። ኦቲዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ተሥቆበታል፣ ንግግሩ ተነቅፏል፣ ከሥራና ከወዳጅነት ተገፍቷል። የደረሰበትንም ነገር ቃል በቃል አይረሳ ይሆናል፤ በሌሊትም ደጋግሞ ያወጣዋል ያወርደዋል። የተበደለ ሰው ማዘኑና መቈጣቱ ከፍትሕ ፍቅር ሊመጣ ይችላል፤ ቂም ሆኖ ሲቀመጥ ግን ነፍስን ይበላል። ከጆሮ የሚነሣው ቁጣ መድኃኒቱ ጸጥታ ነው፤ ከቂም የሚነሣው ግን በጸጥታ ውስጥ ይብሳል፤ መድኃኒቱም ይቅርታና ንስሐ ነው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ሁለቱንም ያባብሳል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ በምዕራፍ 4 ፀሐይ በቁጣችን ላይ እንዳይገባ ሲያስጠነቅቅ፣ «ሥጋዬ እስከ ማታ አይረጋም» የሚል ሰው ተስፋ መቍረጥ አይገባውም። እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ልብም እየመታ እንኳ፣ ባልንጀራዬን አልጠላም፣ ነገ እታረቃለሁ ብሎ መቍረጥ ይቻላል። ፀሐይ የሚገባበት ቁጣ ልብ የያዘው ነው እንጂ ደም ያሞቀው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ከራሱ የሚጠበቀው ምንድን ነው?

1ኛ፤ አስቀድሞ ራሱን ማወቅ። የትኛው ድምፅ፣ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው ረኀብ ወደ ማዕበሉ እንደሚያደርሰው እየጻፈ ይመርምር። ይህ በየማታው ኅሊናን ከመመርመር የአበው ልማድ ጋር አንድ ነው። በግብፅ በረሃ የኖረው አባ አርሳንዮስ ነፋስ ሸምበቆውን ሲያንኮሻኩሽ ሰምቶ ስለ ድምፁ እንደ ጠየቀ፣ ጸጥታን ለሚሻ ልብ የወፍ ድምፅ እንኳ እንደሚያውከው ለወንድሞች እንደ ነገራቸው በአበው ዜና ይነበባል። ይህን ስንጠቅስ ስለ ቅዱሱ አፈጣጠር ለመፍረድ አይደለም፤ ድምፅ የሚከብደው ሰው በቅዱሳን መካከል ቦታ እንዳለው ለማሳየት ነው። ጌታችንም ብዙ ሕዝብ በሚመጣና በሚሄድበት ጊዜ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ምድረ በዳ ለብቻቸው መጥተው ጥቂት እንዲያርፉ አዝዟቸዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መውጣት ፍርሃት ሳይሆን ጥበብ ነው። የጆሮ መድፈኛ ማድረግ፣ በብርቱ ብርሃን መነጽር መልበስ፣ ከሥራ ሲመለስ ለግማሽ ሰዓት ብቻውን በጸጥታ መቀመጥ፣ በእጁ መቍጠሪያ ይዞ አጭር ጸሎት መደጋገም ይጠቅመዋል።

2ኛ፤ በማዕበሉ ሰዓት ጥቂቱን ፈቃዱን በአንድ ነገር ላይ ማዋል፤ ይኸውም መውጣት ነው። በዚያ ሰዓት ለመከራከር፣ ለማስረዳት፣ ለመርታት አይሞክር። ከቤተ ሰቡ ጋር አስቀድሞ የተስማሙበት አንድ ቃል ወይም የእጅ ምልክት ቢኖር ብዙ ጠብ ይቀራል። ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን የተባሉት ኦቲዝም ያላቸው አሜሪካዊት የእንስሳት ሊቅ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በልጅነታቸው የትምህርት ቤት ደወል የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ነርቭ እንደ ነካ ያህል ያሠቃያቸው እንደ ነበረ ተርከዋል። በወጣትነታቸውም በሰደበቻቸው ልጅ ላይ መጽሐፍ በመወርወራቸው ከትምህርት ቤት ተባርረዋል፤ በኋላ ግን በጠብ ምክንያት ፈረስ መጋለብ ሲከለከሉ ቁጣቸውን በለቅሶ መለወጥን እንደ ተማሩ ይናገራሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ በማር ይስሐቅና በአረጋዊ መንፈሳዊ ዘንድ እንባ ከፍ ያለ ቦታ አለው። ያደገ ሰው፣ ይልቁንም ወንድ ሲያለቅስ እንደ ውርደት የሚቈጥር ሰው ቢኖር፣ ብርጭቆ ከመስበር እንባ ማፍሰስ እንደሚሻል ያስብ።

3ኛ፤ ከማዕበሉ በኋላ ማረፍ፣ ካረፈም በኋላ መካስ። ይቅርታ ይጠይቅ፤ የሰበረውን ይተካ፤ ምን እንደ ደረሰበት በአጭር ቃል ይንገር። ማስረዳት ግን ይቅርታ መጠየቅን አይተካም። ተፈጥሮውን እንደ ጋሻ አንሥቶ በሰው ላይ እጁን ማንሣት እንደማይገባውም እንዲሁ ይወቅ። እናት ወይም ሚስት መታገሥ ይገባቸዋል ማለት መመታት ይገባቸዋል ማለት አይደለም፤ ድብደባ በደረሰበት ቤት የሚጎዳው ሰው መጠበቅና ሌላ ረዳት መጥራት ግዴታ ነው።

ከአበ ነፍስስ ምን ይጠበቃል? የሥጋ ሐኪም ቍስሉን ሳያይ መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ የነፍስ ሐኪምም ከቁጣው በፊት ምን እንደ ነበረ ይጠይቅ። «ልጄ፣ ያን ቀን ተኝተህ ነበርን? በልተህ ነበርን? ምን ትሰማ ነበር? መውጣት ትችል ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁም «አባቴ፣ መውጣት እችል ነበር፣ ነገር ግን አፈርሁ» ብሎ ቢመልስ፣ እውነተኛው ኑዛዜ በዚያች ሰዓት ተጀመረ። ቀኖናውም ከዚሁ ጋር ይስማማ። ሕዝብ በተጨናነቀበት ቁሞ እንዲሰግድ ከማዘዝ ይልቅ፣ ማለዳ ጥቂት ሰው ባለበት ሰዓት ኪዳን እንዲያደርስ፣ በየማታውም ለእናቱ አንድ የፍቅር ሥራ እንዲሠራ ማዘዝ ይሻላል። በጾምም ነገር፣ ረኀቡ ሳይታወቀው ድንገት የሚጥለው ሰው ቢሆን፣ የሰዓቱን ልክ አበ ነፍሱ በማስተዋል ይወስንለት። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው በጾም ሕግ ማዘኗ የታወቀ ነውና። ጥያቄውን በቃል መመለስ የሚቸግረው ሰው ኃጢአቱን ጽፎ ቢያመጣም አበ ነፍሱ በደስታ ይቀበለው።

ከቤተ ሰብና ከማኅበረ ምእመናን የሚጠበቀውም ከዚህ ያነሰ አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች የሠሩት መልካም ሥራ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ላይ መቀመጣቸው ነበር፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ስለ ሥቃዩ ምክንያት ሲከራከሩ ነው። በማዕበል ውስጥ ላለ ሰው ቃል አናብዛ፤ እጁን አንያዘው፤ መብራቱን እንቀንስ፣ ሬዲዮውን እንዝጋ፣ መንገድ እንልቀቅለት። በደብራችንም እናስብ። የከበሮውና የጸናጽሉ ድምፅ የማኅሌታችን ክብር ነው፤ ይቅር የሚል የለም። የድምፅ ማጉያው ግን ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዐት ሳይሆን ትናንት የመጣ መሣሪያ ነው፤ ልኩን ማሳነስ ሃይማኖትን አያጎድልም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዐጸድ በሌለበት፣ በተዘጋ አዳራሽ ስለሚያስቀድሱ ይህ ነገር ይልቁንም ይከብዳቸዋል። በአገራችን ግን እግዚአብሔር ሰፊ ዐጸድ ሰጥቶናል። ከጥንት ጀምሮ በዐጸዱ ዛፍ ሥር፣ በቅጥሩ ጥግ ቆመው የሚያስቀድሱ ምእመናን ነበሩ፤ ማንም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ናችሁ አላላቸውም። ስለዚህ በዚያ የሚቆመውን ሰው «ለምን ወደ ውስጥ አትገባም?» እያልን አናስጨንቀው።

ማኅበር ሰውን ሲቀበል ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ምሳሌ አለ። ዶክተር ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ከጻፉላቸው ሕፃናት የመጀመሪያው አቶ ዶናልድ ትሪፕሌት፣ በሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ አድገው በባንክ ሥራ ሲያገለግሉ፣ መኪና ሲነዱ፣ ብዙ አገሮችንም ሲጎበኙ ኖረው በ2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የከተማው ሰዎች ጠባያቸውን ዐውቀው እንደ ራሳቸው ሰው ስላዩአቸው ኖረዋል። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ኦቲዝም ላላቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፍተው ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ በየቤቱ ተሸሽገው የነበሩ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ ያደረጉት ድካም አይረሳም። የወጡት ልጆች ዛሬ ጐልማሶች ናቸው። በዚያ አደባባይ የሚቀበላቸው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ካልሆነች ማን ይሆናል?

ነገሩን ለመጠቅለል ያህል፤ ከሕዋሳት ጭንቀት የሚነሣው የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ኃጢአት አይደለም። አስቀድሞ የሚቻለውን ጥንቃቄ መናቅ፣ ቂምን ማሳደር፣ የበደሉትን አለመካስ ግን ኃጢአት ነው። የባልንጀራን ጭንቀት አይቶ ከማቃለል ይልቅ መጨመርም ኃጢአት ነው፤ ይህም የሚቈጠረው በተቈጣው ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። ሐዋርያው እርስ በርሳችን ሸክማችንን እንድንሸከም ያዘዘን ሸክሙ በዓይን ሲታየን ብቻ አይደለም። በአንዱ ጆሮ ቀላል የሆነው በሌላው ጆሮ ሸክም መሆኑን የሚያውቅ፣ ጆሮን የፈጠረ እርሱ ነው።

በባሕር ላይ ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ያደረገ ጌታ፣ በነፍሳቸው ማዕበል የሚንገላቱትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ወደ ጸጥታው ወደብ ያድርሳቸው፤ አፍረው ከመሠዊያው የራቁትን ይመልስልን፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮና የሚራራ ልብ ይስጠን። ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።